እማኝና ጠበቃ፦ ከመንዝ ችሎት እስከ ስላይድ ገለጻ

የፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መድረክ አዘጋጆች ለዛሬ የሰጡኝ ርእስ «ውጤታማ ገለጻን በስላይድ ማዘጋጀትና ማቅረብ» የሚል ነው። መጀመሪያ ሲደርሰኝ ጥቂት አመነታሁ፤ የታሪክ መምህር እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁምና። ሳስብበት ግን ጉዳዩ የታሪክም ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ሰው በሰው ፊት ቆሞ ነገሩን ማስረዳት፣ ማሳየትና ማሳመን በላፕቶፕ አልተጀመረም። ለጥናት ለብዙ ዓመታት በተመላለስኩበት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ፣ ይህ ሙያ የራሱ ሥርዓትና ሕግ የነበረው፣ ሰውም ርስቱን የሚያስከብርበት ወይም የሚያጣበት ከባድ ሙያ ነበር።

የማስረዳው ጭብጥ አንድ ነው፤ እንዳይጠፋባችሁ ከወዲሁ ልናገረው። ስላይድ እማኝ ነው እንጂ ጠበቃ አይደለም። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ጥፋቴ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

በመሐል ሜዳ የሆነው

ከዓመታት በፊት ስለ መንዝ ጓሳ የማደርገውን ጥናት ለአገሩ አዛውንቶች ለማቅረብ ወደ መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ስሙን ከሚበቅልበት ሣር ያገኘ ደጋ ነው። በሣሩ ቤት ይከደናል፤ ገመድ ይገመዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሕዝቡ ይህን ቦታ ለዘመናት የጠበቀው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነው። ከአቅኚ አባቶቹ ከአስቦና ከጌራ የሚወለድ ሁሉ በአጽመ ርስት ድርሻ ነበረው። የተመረጡ አባ ቄራዎች ጓሳውን ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፍቱት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አጽመ ርስቱ ቀረ፤ በእርሱ ላይ የቆመው የቄሮ ሥርዓትም መሠረቱን አጣ።

የሥርዓቱን ዝርዝር በቃላቸው የሚያውቁት በዚያ ዘመን ጎልማሳ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እኔም የሄድኩት አንድ ነገር ልጠይቃቸው ነበር፦ ቃላቸው በድምፅ ተቀድቶና ተጽፎ በእነርሱው ፈቃድ ለልጆቻቸው እንዲቀመጥ። ይህን አንድ ጥያቄ ለማቅረብ 52 ስላይዶች ይዤ ገባሁ። አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ። ሠንጠረዦቹን ከመመረቂያ ጽሑፌ እንዳሉ ገልብጬአቸው ነበር። ጥያቄዬ የተጻፈው ደግሞ በ49ኛው ስላይድ ላይ ነበር።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። እኔም ዝም አልኩ። መብራቱ እስኪመጣ እንድንጠብቅ ስለምን፣ ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ መብራቱ ሲጠፋ ነገሩም አብሮ ጠፋ?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «ለመሆኑ ከሳሹ ማን ነው? ተከሳሹስ? ምን እንድንፈርድልህ ነው የጠራኸን?» ሲሉ ጨመሩ።

መልሴ የተዘበራረቀ ነበር። ስለ ጥናቱ ዳራ ተናገርኩ፤ ስለ ዘዴውም ተናገርኩ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ሽማግሌዎቹ ሰዓቱ ሲደርስ መርቀውኝ ተነሡ። በዓመቱ ያለ ስላይድ፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጥያቄዬን ይዤ ተመለስኩ፤ ወዲያውም ፈቀዱልኝ። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ከነበሩት መካከል ሦስቱ በሕይወት አልነበሩም። ያን ጥያቄ የጠየቁኝ አዛውንትም ከሦስቱ አንዱ ነበሩ። የቄሮን የመክፈቻ ሥርዓት ከሁሉ አብልጠው ያውቁ እንደነበር የነገሩኝ ጓደኞቻቸው ናቸው። ዛሬ በእጄ ባለው የድምፅ ክምችት ውስጥ የእርሳቸው ቃል የለም። ገለጻ ማበላሸት የጊዜ ብክነት ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን አስቡልኝ።

ጭብጥ፣ ውርርድና የችሎት ሥርዓት

አዛውንቱ የጠየቁኝ ጥያቄ ከየትም የመጣ አይደለም፤ ያደጉበት የችሎት ጥያቄ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. «ዋክስ ኤንድ ጎልድ» የተሰኘውን መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን ጥናቱን ካካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ መንዝ ነበር። የመንዝ ሰው ለሙግት ያለውን ፍቅርም ልብ ብሎታል። በዚያ ባህል ሙግት ጠብ ብቻ አልነበረም፤ የአደባባይ ትምህርት ቤትም ነበር። ልጆች ከብት እየጠበቁ ይሟገቱ፣ ጎረምሶች በዛፍ ሥር ቆመው በላ ልበልሃን ያዳምጡ ነበር። ባለ ጉዳዮች መንገደኛ አስቁመው «ዳኘን» ማለት ይችሉ ስለነበር፣ ተናጋሪው ነገሩን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ነበረበት። የዛሬው ተመራማሪ ጥናቱን ከሌላ የትምህርት ክፍል ለመጡ ሰዎች ሲያቀርብ የሚገጥመውም ይኸው ነው።

ከዚህ ሥርዓት ሦስት ነገሮችን ላንሣ።

የመጀመሪያው ጭብጥ ነው። ቃሉ ከመጨበጥ የወጣ ነው፤ በእጅ የሚያዝ ማለት ነው። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ዳኛው ማስረጃ ከመስማቱ በፊት ጭብጥ እንዲይዝ ያዛል። በጭብጥ የማይገባ ነገር ሊፈረድበት አይችልም። እኔ በመሐል ሜዳ ያቀረብኩት 52 ገጽ ነበር እንጂ ጭብጥ አልነበረም። አንድ ተማሪ «ምን ልታቀርብ ነው?» ሲባል «ስለ መስኖ» ብሎ ቢመልስ ርእስ እንጂ ጭብጥ የለውም። «በዚህ ቀበሌ ቦዩ የሚደርቀው ውኃ አንሶ ሳይሆን ተራው ስለማይጠበቅ ነው» ካለ ግን ነገሩ በእጁ ገብቷል። አድማጩም ሊቀበለው ወይም ሊሞግተው ይችላል።

ሁለተኛው ውርርድ ነው። የድሮ ተሟጋች ነገሩን ሲያጠናክር ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረድ ነበር። የተሸነፈውም የተወራረደበትን ይከፍላል። ሥርዓቱ ድሀውን የሚጎዳ፣ ባለጠጋውን የሚያደፋፍር በመሆኑ መቅረቱ መልካም ነው። የተሸከመው ቁም ነገር ግን ሊጠፋ አይገባውም፦ ሰው በአደባባይ ለሚናገረው ነገር መያዣ ያቀርባል። «ጥናቱ እንደሚያመለክተው የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ» ብሎ የሚቀመጥ አቅራቢ ምንም አልተወራረደም። ስለዚህም አድማጩ የሚያነሣው ሙግት የለውም።

ሦስተኛው የአሰማም ሥርዓት ነው። በትልልቅ ችሎቶች ዳኞች አስተያየት ሲሰጡ የሚጀምረው በማዕርግ ዝቅተኛው ነበር፤ ትልቁ መጨረሻ ላይ ይናገራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትልቁ አስቀድሞ ከተናገረ ትንሹ አሳቡን ይውጣል። በእኛ አዳራሾች የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ገለጻው እንዳለቀ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለፕሮፌሰሩ እንሰጣለን፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው ዝም ይላል። ይህን ብቻ ብንገለብጠው ውይይታችን ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን የድሮውን ሥርዓት አላሞግሰውም። በዚያ ችሎት አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው እውነት ያለውን፣ ግን አፉ የታሰረውን ሰው ሊረታው ይችል ነበር። ንግግሩን የሚያስረው፣ ተናጋሪው ሊለውጠው የማይችለው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው እማኝ የሚጠራው። እማኝ ያየውን ይናገራል፤ አይከራከርም፤ ሲጨርስም ይቀመጣል። በገለጻ ውስጥ የስላይድ ቦታ ይህ ነው። ፎቶግራፉ፣ ካርታው፣ ሰነዱና አኀዙ ይመስክሩ፤ የሚከራከረው ግን ሰውየው ነው። ስላይዱ ሁሉን ከጻፈ፣ ተናጋሪውም ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ካነበበው፣ እማኙ ጠበቃ፣ ጠበቃው ደግሞ ጸሐፊ ሆነ ማለት ነው።

«ዘከመ»

እማኝ የሆነ ሥዕል ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በሰሜን ሸዋ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ያደግንባቸው አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። ብዙዎቹ ሥዕሎች በሸራ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ማንበብ ለማይችል ምእመን መጽሐፉ ይህ ነበር።

ሥዕሎቹን እንደ ገለጻ አዘጋጅ ሆናችሁ ተመልከቷቸው። በመጀመሪያ፣ ደጉና ክፉው ገና ከሩቅ ይለያሉ፤ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህ ሕግ በሁሉም ሥዕል ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዴ የተማረው ሰው ሌላውን ሁሉ ያነበዋል። በገለጻችን ግን በሦስተኛው ስላይድ ላይ ቀይ ቀለም «ኪሳራ» ሆኖ በሰባተኛው ላይ «ትርፍ» ሲሆን እናያለን።

ቀጥሎ ጽሑፉን ተመልከቱ። በሥዕሉ ራስጌ አንዲት መሥመር የግእዝ ጽሑፍ አለች፤ ብዙ ጊዜም «ዘከመ» ብላ ትጀምራለች። እንዲህ እንዳደረገ፣ እንዲህ እንዳደረጉት ማለት ነው። «ዘከመ ሰቀልዎ» ሲል እንደ ሰቀሉት ነው። ልብ በሉ፤ ይህች አጭር ጽሑፍ ግሥ አላት። «ስቅለት፦ ዳራ፣ ምክንያቶች፣ ውጤቶች» አትልም። ማን ምን እንዳደረገ ትናገራለች፤ የቀረውን ሥዕሉ ያሳያል፤ ትርጓሜውን መምህሩ ይናገራል። ሦስቱ ሥራቸውን ተከፋፍለውታል።

አማርኛችን ማሰሪያ አንቀጹን ወደ መጨረሻ የሚያመጣ ቋንቋ ስለሆነ ይህ ለእኛ ይበልጥ ይሠራል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ስክሪን ላይ ስንጽፍ አድማጩ ግሡ እስኪደርስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ እስከዚያም ድረስ የምንናገረውን አይሰማም። ግሡን ጨርሰን ስንተወው ደግሞ ቃላት እንጂ አሳብ አይቀርም። ስለዚህ የስላይድ ርእስ በአንድ ግሥ የሚታሰር አጭር ዓረፍተ ነገር ይሁን። «የጓሳ ሽፋን ለውጥ» ከምንል «ጓሳው ሲዘጋ ሣሩ አገገመ» ብንል የምንለው ነገር መኖር አለመኖሩ ለእኛ ለራሳችን ይታወቀናል። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል። ብርሌ ጠጁን የሚያሳይ ነው፤ ብርሌውን ግን የሚጠጣው ሰው የለም።

የስላይድ ታሪክና አንድ አደጋ

ሥዕልን በብርሃን ግድግዳ ላይ ማሳየት አሮጌ ጥበብ ነው። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ በ1659 እ.ኤ.አ. ገደማ «የአስማት ፋኖስ» የተባለውን መሣሪያ ሠርቷል። የፎቶግራፍ ስላይድና የኦቨርሄድ ፕሮጀክተር በ20ኛው መቶ ዓመት ተስፋፉ። ዛሬ የምንጠቀምበት ፓወርፖይንት በሚያዝያ 1987 እ.ኤ.አ. ፎርቶውት በተባለ አነስተኛ ኩባንያ ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ወጣ፤ ከፈጣሪዎቹ መካከል ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን ይገኛሉ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የመጀመሪያው እትም ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀለምና እንቅስቃሴ ሳይኖረው ሰዎች ሥራቸውን ሠርተውበታል።

መሣሪያው የሚያስከትለው አደጋ የታየው ግን በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ጥር ወር ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ስትነሣ፣ ከነዳጅ ታንኳ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መታው። መንኮራኩሯ ገና በጠፈር ላይ ሳለች መሐንዲሶች አደጋውን መርምረው ለኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። የአንደኛው ስላይድ ርእስ የቀድሞ ሙከራዎች የሚያረጋጉ መሆናቸውን የሚጠቁም ነበር። ከሥሩ በነጥብ ላይ ነጥብ፣ በንዑስ ነጥብ ላይ ንዑስ ነጥብ ተደርድሯል። በመጨረሻዋ መሥመር ላይ ክንፉን መታ የተባለው ቁራጭ 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ሲገመት፣ በሙከራ የተፈተነው 3 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ መሆኑ ተጽፏል። ከ600 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ርእሱ ያረጋጋል፤ እማኙ ግን ከሁሉ ሥር ተቀብሯል። የካቲት 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ስትመለስ ተበታተነች፤ 7ቱም ጠፈርተኞች ሞቱ።

አደጋው በስላይድ ምክንያት ደረሰ እያልኩ አይደለም፤ መርማሪ ቦርዱም እንዲህ አላለም። በነሐሴ ወር ባወጣው ሪፖርት ግን ኤድዋርድ ተፍቲ የተባለው ምሁር በዚህ ስላይድ ላይ ያደረገውን ትንተና ጠቅሶ፣ የምሕንድስና ጉዳይን በእንዲህ ያለ የስላይድ ገለጻ መወሰንን ነቅፏል። ዋናው ነገር በ49ኛው ስላይድ ላይ ስለነበረው ስለ እኔ ጥያቄ የማስበው ይህን ሳነብ ነው።

በመርሐ ቤቴ የምናየው ውርርድ

አሁን ተቃራኒውን፣ አንድ ስላይድ ሳይኖረው የሠመረ ገለጻ ልጥቀስ። ከመንዝ ወደ ምዕራብ ወርደን መርሐ ቤቴ ብንገባ፣ በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታልን እናገኛለን። የሠራው ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት ነው፤ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመርሐ ቤቴ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። የዚህ ድርጅት መነሻ አንድ ውርርድ ነው።

ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ተዋናዩ ካርልሃይንዝ ቦም በጀርመንኛ በሚተላለፍ የቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀረበ። በሳሕል አካባቢ ስለሚራቡ ሰዎች ሊናገር ነበር። ስለ ዝናም እጥረት ሠንጠረዥ ማሳየት ይችል ነበር። እርሱ ግን ተወራረደ፦ ከተመልካቾች ከሦስት አንዱ እንኳ አንድ ማርክ፣ አንድ ፍራንክ ወይም ሰባት ሽልንግ አይሰጥም አለ። ብትረቱኝ እኔ ራሴ ወደ አፍሪካ እሄዳለሁ ሲልም መያዣውን አስቀመጠ። ወደ 1.2 ሚሊዮን ማርክ ተዋጣ። ገንዘቡ ብዙ ቢሆንም ከተመልካቹ ቍጥር አንጻር ውርርዱን ያሸነፈው እርሱ ነበር። ሆኖም የተሸነፈ ሰው የሚገባውን ግዴታ በፈቃዱ ተሸክሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በኅዳርም ድርጅቱን መሠረተ።

የመንዝ ተሟጋች ይህን ሰው ቢሰማው ኖሮ ወዲያው በተረዳው ነበር። ጭብጡ አንድ ነው፤ አኀዙ በማንኛውም ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ነው፤ ፈራጁ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ተናጋሪውም ራሱን መያዣ አድርጓል። አድማጩ እቤቱ ተቀምጦ መፍረድ ነበረበት።

ለተማሪዎቼ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ለእናንተ የምመክራችሁ ጥቂት ነው። ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት በወረቀት ላይ «ምን እንዲፈርዱልኝ ነው የምጠራቸው?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። ያን ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ተናገሩት። ከዚያ እያንዳንዱን ስላይድ እንደ እማኝ ጥሩት፦ ምን አይቷል? የምናገረውን ነገር የሚያጸና ካልሆነ ይቅር። ሠንጠረዥ ከመመረቂያ ጽሑፍ እንዳለ አይገለበጥ፤ 40 ቍጥር ካለው ውስጥ የሚመሰክሩት ሁለቱ ከሆኑ ሁለቱ ይታዩ፤ ሙሉው በወረቀት ይታደል።

ፊደላችንን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የግእዝ ፊደል ልዩነቱ በትናንሽ ቅጥያዎች ላይ ነው። «ገቡ» እና «ገቢ» የሚለዩት ቅጥያዋ በወገብ ወይም በእግር በመሆኗ ብቻ ነው፤ ከኋላ ወንበር ሲታዩ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ለላቲን ፊደል በቂ የሆነ መጠን ለእኛ አይበቃም። ከገለጻው በፊት የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣችሁ አንብቡት። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ስላይድም በሌላ ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣልና አስቀድማችሁ ፈትሹ።

በመጨረሻም ልምምዳችሁን ስክሪኑን አጥፍታችሁ አድርጉ። ነገሩ በጨለማ ከቆመ በብርሃን ይበልጥ ያምራል። በጨለማ ካልቆመ ግን ስላይዱ አያቆመውም።

ዛሬ በዚህ አዳራሽ መብራት አልጠፋም፤ እኔም ያሳየኋችሁ ስላይድ አንድ ብቻ ነው፤ የጓሳው ፎቶግራፍ። በእርሱ ራስጌ የጻፍኩት «አባቶች ዘግተው ጠበቁት» የሚል ነው። እንዴት እንደ ዘጉትና እንደ ከፈቱት በቃላቸው የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ዛሬም በመሐል ሜዳ፣ በግሼ ራቤልና በየቀበሌው አሉ። የምጠይቃችሁ ፍርድም ይህ ነው፦ ከእናንተ መካከል የዚያ አገር ልጆች የሆናችሁ በመጪው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ፣ የአያቶቻችሁን ቃል በፈቃዳቸው በስልካችሁ ቅዱ። ጥያቄያችሁን አጭር አድርጉት፤ ከዚያም ዝም ብላችሁ ስሟቸው።

እንደ ሥርዓቱ ጥያቄ ከወጣቶቹ ይጀምር፤ ፕሮፌሰሮቻችን ይታገሡን።